ጉማሬው ራስ ላይ ያለችው ዝይ

ሰኞ፣ ኤፕሪል 14

የመዝናኛ ፓርኩን የጎማ ዝሆን አጠብን። ከብርድ ወራት መሸፈኛ ሸራው ሲወጣ ሁሌም ጆሮው ውስጥ የሆነ ነገር ይገኛል። ዘንድሮ አንድ የልጅ ጓንት። ወንዙ እስከ ግማሽ ድረስ ሞልቷል፤ ቡናማው ቀለም ገና ስላልተጨመረበት ከታች ያለው ሐዲድ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጀልባ ነጂዎች ነን እንላለን እንጂ መሪያችን ከምንም ጋር አልተያያዘም። ሐዲዱ ይወስደናል። የእኛ ሥራ ፍጥነቱን መጠበቅና ማውራት ነው። ማውራቱን ከጀመርኩ ጸጉሬ ሁለት ጊዜ ቀለም ቀይሯል።

በረዶ ጠብ ጠብ ይል ነበር። ቴሬል የዝሆኑን ጥርስ እየወለወለ፣ "ጫካው የአፍሪካ፣ ብርዱ የኦሃዮ" አለ። ከእኔ ቀጥሎ ብዙ ዓመት የነዳ እሱ ነው። ቀልዶቼን ሁሉ በቃሉ ያውቃል፤ አንዱም አያስቀውም።

ከምሳ በኋላ አዲሱ የጫካው ክፍል ኃላፊ መጣ። ፕሬስተን ይባላል፣ ከፓርኩ ሆቴል የተዛወረ። አንደኛው ጀልባ ያለ ነጂ፣ በተቀዳ ድምፅ እንደሚሞከር ነገረን። በመክፈቻው ዋዜማ የኩባንያው አለቆች መጥተው ይሳፈሩበታል፤ ከወደዱት ጀልባዎቹ ሁሉ እንደዚያው ይሆናሉ። ነጂዎቹስ? ቴሬል ጠየቀ። የጥጥ ከረሜላ መሸጫ፣ የመግቢያ በር... ቦታ አይጠፋም አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ድምፁን የምሰጠው እኔ ነኝ።

"ያንቺ ድምፅ ሞቅ ያለ ነው" አለኝ።

ደስ አለኝ። ይህን ለራሴም ባልጽፈው ይሻል ነበር፤ ግን ከሁሉ ቀድሞ የተሰማኝ ደስታ ነው። ገመድ ይዞ የመጣ ሰው አንገትሽ ያምራል ቢለኝስ? ያኔም አመሰግናለሁ ልል ነው?

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 16

የቀዱኝ የነጂዎች ባርኔጣና ካኪ ልብስ የሚሰቀልበት ክፍል ውስጥ ነው። ልብስ ማሚቶ ይውጣል አሉ። ቀልድም ይውጣል።

"ይህ አዞ ከሰኞ ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ሰኞ የነበረውን ነጂ ነው የተካሁት።"

ጸጥ። ኮቶቹ ተሰቅለው አዩኝ። በልማዴ ሳቁን ጠበቅኩ። ፕሬስተን ክፍተቱን እንደሚቆርጡት ነገረኝ።

"ሳቁስ የት ይገባል?"

"ሳቁን እኛ እንጨምርበታለን።"

ከየት እንደሚያመጡት አልጠየቅኩም።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 18

ቀለሙ ተጨመረ። ሐዲዱ ጠፋ። አሁን ወንዝ ነው።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 22

ትልቁ ጉማሬ ራስ ላይ ዝይ ተቀምጣለች። እውነተኛ ዝይ። አንገቷ ጥቁር፣ አገጯ ነጭ፣ መኪና ማቆሚያውን የሞሉት ዓይነት። ሸምበቆ አምጥታ በሁለቱ የጎማ ጆሮዎች መሐል ደልድላለች። ሰርቃ መሆን አለበት... ወንዝ ዳር ለጌጥ የቆሙት ጎጆዎቻችን ጣሪያ አንድ ጎን ሳስቷል።

መካኒኩ ዱዌይን በመቅዘፊያ ተጠጋና ወዲያው ተመለሰ። እንቁላል አላት አለ። የታቀፈች ዝይ ያለ መንግሥት ፈቃድ አትነካም። ጉማሬው ደግሞ ጀልባ ሲያልፍ መስጠም ያለበት ነው፤ ከሰጠመ እንቁላሉ ወንዝ ወረደ። ስለዚህ ጉማሬውን የሚያንቀሳቅሰውን አየር ዘጋው። ጉማሬው ራሱን ቀና እንዳደረገ ቀረ።

ለፕሬስተን ማን ይንገረው? ተያየን።

"ለምን እንነግረዋለን?" አለ ቴሬል። "ዓይን አለው።"

እሜቴ ብለን ስም አወጣንላት። አቀማመጧን ላየ ሌላ ስም አይመጣለትም።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 24

ሳቄን ለማፈን የተንሳፋፊ ጃኬቴን አንገትጌ ነከስኩ። ጥርሴ አሁንም ይጎረብጠኛል።

ፕሬስተን ወንዙን ሊፈትሽ ከእኔና ከቴሬል ጋር ተሳፈረ። አዞው አፉን ከፈተ፣ ጦጣዎቹ ተወዛወዙ፣ ደህና ነው ደህና ነው ይላል። ጉማሬው ጋ ስንደርስ ግንባሩን ቋጠረ። እሜቴ አንገቷን ዘርግታ ድርቅ ብላለች፤ የታቀፈች ዝይ ስትፈራ እንደዚያ ነች። ከዚያ ቀስ ብላ ራሷን ወደ እኛ አዞረች።

"የእውነቱ መኪና ማቆሚያው ላይ ሞልቶ" አለ ፕሬስተን፣ "ሰው ሠራሹን ማን አዘዘ?"

ጀልባው ይሄዳል።

"ደግሞ ያስታውቃል። አንገቷ ሲዞር አያችሁት? ይንገጫገጫል። ሕይወት የላትም።"

ቴሬል በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። "አንገቷ ላይ ትንሽ ይቀራታል" አለ።

አንድ ቃል ብናገር ያበቃ ነበር። ቴሬልን አየሁ። ቴሬል ዝሆኑን አየ። ዝሆኑ ውሃ ረጨን።

እዚህ ወንዝ ላይ ከቆየ ሰው ማን አይሳሳትም? ሁሉ ነገር በአየርና በሽቦ ይንቀሳቀሳል። በየበጋው አንድ ተሳፋሪ የእውነቷን ሽመላ አይቶ "ይህቺስ ደካማ ሥራ ነች" ይላል። ቢሆንም... አለቃ ሲለው ይጣፍጣል።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 26

የሙከራ ቀን፣ የሠራተኛ ቤተሰብ ብቻ። ሰው ያለበት ጀልባ ካየሁ ወራት አልፈዋል። አፌ በራሱ ጀመረ። ወደፊት የምናገኘው ዝሆን ሁሉን ያስታውሳል፣ አምና ፈንዲሻ የወረወራችሁበት ፊታችሁን ሸፍኑ... ሳቁ። ሞቀኝ። ከዚያ ጉማሬው።

"ጠብቁ፣ ጠብቁ... ሊሰጥም ነው። ይኸው ሰጠመ! ማዕበሉ እንዳይወስዳችሁ ተያያዙ!"

ማንም አልተያያዘም። የፊት ጥርሶቿ የወለቁ አንዲት ልጅ ዞራ አየችኝ።

"አልሰጠመም እኮ" አለችኝ።

አልሰጠመም። ደረቅ እንደሆነ ቆሟል። ላዩ ላይ ዝይ አለች። እንደማይሰጥም ከሰው ሁሉ ቀድሜ አውቃለሁ፤ አየሩ ሲዘጋ አጠገቡ ነበርኩ። ዓይኔም ክፍት ነበር። ታዲያ ሰጠመ ያለው ማን ነው?

እነዚያ ኮቶች መሐል የተቀዳችው ሴትዮ በምን ታንሰኛለች? እሷስ ዓይን ስለሌላት ነው።

እሁድ፣ ኤፕሪል 27

ለቴሬል ነገርኩት። ሊስቅብኝ ነው ብዬ ነበር።

"እኔ አምና ባዶ ጀልባ ይዤ ዞሬያለሁ" አለኝ። "መድረሻው ላይ ነው ያወቅኩት።"

"ስታወራ ነበር?"

"ከዳር እስከ ዳር። ጥሩ ተሳፋሪዎች ነበሩ፤ ማንም አላቋረጠኝም።"

ሳቅን። ቤት ስገባ ግን ሳቁ አልነበረም። ጥጥ ከረሜላው አይደለም የሚያስፈራኝ። ያቺ ድምፅ ቦታዬን ስትወስድ ልዩነቱን የሚያውቅ ሰው መጥፋቱ... እኔን ራሴን ጨምሮ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 30

የማየውን ብቻ ልናገር ብዬ ባዶ ጀልባ ላይ ሞከርኩ። "ቀርከሃ አለ።" ከዚያ? "ሌላም ቀርከሃ አለ።"

መጥፎ ነው።

ዓርብ፣ ሜይ 2

 

ዛሬ አለቆቹ መጡ። ፕሬስተን ከጧቱ ዱዌይንን ጉማሬው ለምን እንደማይሰጥም ጠይቆት ነበር። ዱዌይን፣ ዝይዋ ላዩ ላይ እያለች አይሰጥምም አለው፤ እውነቱን ነው። ፕሬስተን እንግዲያው ፍታና አውርዳት አለ። ዱዌይን እጄን አላስገባም አለ። ይኸም እውነት ነው። ማንም አልዋሸም። በዚህ ነው የምንጽናናው።

ራሱ ሊፈታት ወሰነ። እስከ ደረት የሚደርሰውን የጎማ ሱሪ አጥልቆ፣ ካቻቢቴ ይዞ ወንዙ ውስጥ ገባ። አለቆቹ ቡናቸውን ሳይጨርሱ አይመጡም ብሎ ነው። ካፊያ ሲጀምር ግን ጣሪያ ፍለጋ ቀጥታ ጀልባው ላይ ወጡ። የተቀዳው ድምፄ ይዟቸው ሄደ። እኔ የሠራተኛ ቤተሰብ ጭኜ ከኋላ ተከተልኩ።

የወንዙን መታጠፊያ ስንዞር መጀመሪያ ክንፍ አየሁ። ከዚያ ፕሬስተንን። እሜቴ ደረቱ ላይ ቆማ በክንፏ ፊቱን ትጠፈጥፈዋለች፤ እሱ ካቻቢቴውን ከፍ አድርጎ ይሽከረከራል። ዱዌይን ከዳር ሆኖ ወንዝ ውስጥ ሰው አለ ብሎ ሁሉን ነገር አቆመ። የፊተኛው ጀልባ ቆመ። የእኔም ቆመ። ድምፄን ግን ያቆመው የለም።

"ውድ ተሳፋሪዎቼ፣ አትፍሩ" ትላለች የተቀዳችው ከፊት ጀልባ። "የዚህ ጫካ እንስሳት ሰው ተላምደዋል።" ሳቅ፤ የማን እንደሆነ የማላውቀው። እሜቴ ጆሮውን ነከሰችው። "አሁን ከጉማሬው ተለይተን ወደ ዝሆኑ እንሄዳለን።" ማንም አልሄደም። አለቆቹ ጉማሬው አፍንጫ ሥር ናቸው። ዝሆኑን አሳየቻቸው። ጎጆዎቹን አሳየቻቸው። ሳቅ፣ ሳቅ። ከዚያ አብረውን ስለተጓዙ አመስግና፣ ዕቃ እንዳይረሱ አሳስባ፣ ደህና ግቡ አለቻቸው። አንዱ አለቃ ግራ ገብቶት ሊወርድ ተነሳ።

ፕሬስተን ወደ እኛ ጮኸ። "ማጥፊያዋ የት ነው?"

እስካሁን! እስካሁን ማሽን መስላዋለች።

ማይኩን አነሳሁ። አፌ ውስጥ የተዘጋጀ ምንም አልነበረም። ባዶ። ለዚህ የሚሆን ቀልድ ማንም አላስተማረኝም።

"ምንቃሯ ላይ አይደለም" አልኩት። "ፕሬስተን፣ እናት ነች። ከኋላዋ እንቁላል አለ።"

ቆመ። ዞሮ አየ። ካቻቢቴው ከእጁ ወደቀ።

ከዚያ ምን እንዳልኩ ቁርጥራጩ ብቻ ነው ያለኝ። ጀርባህን አትስጣት አልኩት። ዓይኗን አትይ፣ በኋልዮሽ፣ ቀስ ብለህ። እሷንም አነጋገርኳት... "እሜቴ፣ ይቅር ይበሉት። ከሆቴል ነው የመጣው፤ አልጋዎን ሊያነጥፍ ፈልጎ ነው።" በዚህ ጊዜ ከፊት ጀልባ ሳቅ መጣ። አለቆቹ ጀርባቸውን ለጉማሬው ሰጥተው ወደ እኔ ዞረዋል። ከእያንዳንዱ እርምጃ በፊት ዝም አልኩ። ሲረግጥ ተናገርኩ። ድንጋይ አለ፣ ግራህን። ሐዲዱ ነው፣ እግርህን አንሳ። አንዲት ተሳፋሪ "አይዞህ ወንድሜ" አለችው። ዳር ሲደርስ ሁሉም አጨበጨበ። እሜቴ ተመልሳ ቁጭ አለች።

ያቺኛዋ፣ የተቀዳችው፣ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምራ ነበር። "እንኳን ወደ ጫካው መጣችሁ..."

ሰኞ፣ ሜይ 5

ፕሬስተን ጠራኝ። ጆሮው ላይ ፕላስተር።

"ታውቂ ነበር?"

"አዎ።"

"እና ዝም አልሽ።"

እሱ ብዙ አላለም፤ ቴሬልና እኔ ለአንድ ሳምንት ጀልባ ሳንነካ መሳፈሪያው ላይ ገመድ እንድንይዝ ፈረደብን። ይገባናል። እንቁላሎቹን ቢረግጣቸውስ ኖሮ? ይህን እስከ ዛሬ አላሰብኩትም ነበር... የዝይዋን ጎጆ ቀልድ ማድመቂያ ያደረግኩት እኔም ነኝ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። አለቆቹ ዓርብ ያልሽውን ወደውታል አለኝ። ኮቶቹ ክፍል ገብቼ እንድደግመው።

"ምኑን?"

"ሁሉንም። ልክ እንዳልሽው።"

አላስታውሰውም አልኩ። እየቀለድኩ መሰለው። ቁጭ ብዬ ሞከርኩለት እኮ፤ አልጋ ስለማንጠፍ የሆነ ነገር... ሲነገር ደረቅ ነው። እሱም ሰማው።

"ያለ ዝይዋ አይሆንም" አለ።

"ያለ አንተም።"

መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው።

ሐሙስ፣ ሜይ 8

ተወሰነ። የተቀዳው ድምፅ የወረፋው መተላለፊያ ላይ ብቻ ይሆናል፤ ልጆቻችሁን ያዙ፣ አጥሩ ላይ አትቀመጡ። ጀልባው የነጂዎች ነው። ለዘንድሮ አሉ። ለዘንድሮ።

ቴሬል በደስታ ገመዱን የራሱ እግር ላይ አሰረው።

ማክሰኞ፣ ሜይ 20

ጫጩቶቹ ተፈልፍለው አንድ በአንድ ከጉማሬው ግንባር ዘለሉ። ፕሬስተን ዣንጥላ ይዞ ርቆ ቆሞ ነበር። የመጨረሻዋ እስክትዘል አልሄደም። "ደህና ሥራ ነች" አለ። ለራሱ መሰለኝ።

ቅዳሜ፣ ጁን 14

ሙሉ ጀልባ፣ ሙሉ ቀን። ድምፄ ሰልሏል።

የተቀዳችውን፣ ወረፋው ላይ ስታሳስብ፣ በየማለዳው እሰማታለሁ። አልጠላኋትም። አንዳንዴ ከጀልባው ሆኜ እመልስላታለሁ፤ "አጥሩ ላይ አትቀመጡ" ስትል፣ "እሷ ራሷ መቼ ተቀምጣ ታውቃለች?" እላለሁ። ሰው ይስቃል። ሁልጊዜ አይደለም። አሁን የማይሳቅበት ቀልድም እናገራለሁ፤ ያ ጸጥታ እንደ ድሮው አይገድለኝም።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጣ። መታጠፊያው ላይ፣ ምንም እንስሳ የሌለበት ቦታ፣ ፍጥነቱን ቀነስኩ። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ዝናቡ ቀርከሃው ላይ ሲወርድ ሰማሁት። የእኛ ቀርከሃ እውነተኛ ነው... ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ማይኩን ዝቅ አድርጌ አዳመጥኩ። ፊታቸውን አየሁ፤ እነሱም የእኔን። ቆየ። በጣም ቆየ።

ከኋላ ወንበር አንድ ሰውዬ ወደ ሚስቱ ጠጋ አለ።

"ሴትዮዋ ተበላሸች እንዴ?"

ሚስቱ አጥብቃ አየችኝ።

"አይ" አለችው። "ትተነፍሳለች።"