ሬሳ ላልተገኘላቸው፦ የአቶ ብዙአየሁ ደምመላሽ የሕይወት ታሪክ

አቶ ብዙአየሁ ደምመላሽ ከአባታቸው ከአቶ ደምመላሽ ይግዛው እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሙሉመቤት አዲሱ በሚያዝያ ወር 1948 ዓ.ም. በአሰላ ከተማ ተወለዱ። ዘመኑን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የጻፍነው፣ ስዊድን አገር ይህን ያህል ዘመን ኖረውም እሳቸው በሌላ ቆጥረው ስለማያውቁ ነው።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው አሰላ ተከታትለው፣ በ1963 ዓ.ም. አዲስ አበባ በመምጣት በተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ ተማሩ። ሲመረቁም በአንድ የቤት ዕቃ መሥሪያ ተቀጠሩ። በ1970 ዓ.ም. ታናሽ ወንድማቸው አምሃ ከቤት ተወስዶ ተገደለ። አስከሬኑ ለቤተሰብ አልተሰጠም፤ የት እንደተጣለም አልታወቀም። አቶ ብዙአየሁ በዚያ ሰሞን ለጎረቤት ልጆች የሬሳ ሳጥን ሲሠሩ ነበር የሰነበቱት። ለገዛ ወንድማቸው ግን አልሠሩም፤ የሚሠሩለት ሬሳ አልነበራቸውም።

በ1973 ዓ.ም. በመተማ በኩል ሱዳን ገቡ። ካርቱም ስድስት ዓመት ከቆዩ በኋላ በ1979 ዓ.ም. በስደተኝነት ወደ ስዊድን መጥተው ስቶክሆልም ዳር ፊቲያ በምትባል ሰፈር መኖር ጀመሩ። በ1983 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሃይማኖት ኢሳይያስ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። መጀመሪያ ባቡር ሲያጸዱ ቆይተው፣ በ1985 ዓ.ም. ስቶክሆልም ባለ አንድ ሙዚየም መጋዘን ውስጥ የማሸጊያ ሳጥን ሠሪ ሆነው ተቀጠሩ። በዓመቱ ልጃቸው ቲና ተወለደች።

በ2002 ዓ.ም. ከካናዳ ምዕራብ ጠረፍ የአገሩ ነባር ሕዝብ ተወካዮች፣ ከአያቶቻቸው የተወሰደ አንድ ሳጥን ለመረከብ ወደ ሙዚየሙ መጡ። ማሸጊያውን እንዲሠሩ የታዘዙት አቶ ብዙአየሁ ሳጥኑን ዞረው ዞረው ቢያዩት የማዕዘኖቹ መጋጠሚያ አልታይ አላቸው። ከእንግዶቹ መካከል ሎሬን የተባሉ አረጋዊት የእጅ ባለሙያ ነበሩና አስረዷቸው። አራቱም ጎን ከአንድ የዝግባ ሳንቃ የወጣ ነው፤ ሳንቃው ሦስት ቦታ ይቦረቦርና በእንፋሎት ለስልሶ ይታጠፋል፤ አራተኛው ማዕዘን በእንጨት ችንካር ይያያዛል።

«ምን ይቀመጥበታል?» ብለው ጠየቁ አቶ ብዙአየሁ።

«ልብስም፣ የክረምት ስንቅም፤» አሉ ሎሬን። «ድሮ ደግሞ ሙታኖቻችንን እናስቀምጥበት ነበር።»

አቶ ብዙአየሁ ያን ቀን ቤት ገብተው እህል አልቀመሱም። በማግሥቱ ሙያውን እንዲያስተምሯቸው ሎሬንን ለመኑ፤ ለማን ሊሠሩ እንዳሰቡም ነገሯቸው። ሎሬን ሁለት ነገር ቃል አስገቧቸው፤ ሳጥን እንዳይሸጡና የሕዝባቸውን የዘር ምልክት እንዳይሥሉበት። ሁለቱንም እስከ መጨረሻው ጠበቁ። ሎሬን ሦስት ሳምንት አስተምረዋቸው ሄዱ፤ ከዚያም በየዓመቱ ሳንቃ ይልኩላቸው ነበር።

ሥራው ግን እሺ አላላቸውም። ስድስት ሳንቃ ሲታጠፍ ተሰነጠቀባቸው። በ2005 ዓ.ም. ሰባተኛው ሲሰምርላቸው ይዘውት አሰላ ሄዱ። እናታቸው እስኪሞቱ ድረስ አጥበው እያጣጠፉ ያቆዩትን የአምሃን ሹራብ አስገብተው፣ ጸሎተ ፍትሐት አስደርገው ከእናታቸው አጠገብ ቀበሩት። ተመልሰው ለባለቤታቸው የነገሯቸው «ሃይማኖት፣ ቀበርኩት» ብቻ ነበር።

ወሬው ስዊድን ባለው እድራችን ተሰማ። የልጅ፣ የባል፣ የእህት ሬሳ ያላገኙ ሰዎች ፊቲያ ድረስ ይመጡ ጀመር። ለስምንት ቤተሰብ ሠሩ። በ2009 ዓ.ም. ሳል ያዛቸው። ፍሌሚንግስቤሪ ሆስፒታል ያከሟቸው ሐኪም የዚያ እንጨት ብናኝ ሳንባቸውን እንደጎዳው፣ ካላቆሙ እንደሚብስባቸው ነገሯቸው። አቶ ብዙአየሁም አቆሙ፤ መሣሪያቸውን ጠቅልለው ምድር ቤት ቆለፉበት።

በዓመቱ ሄሰልቢ የሚኖሩት የወ/ሮ ሸዋሉል ልጅ ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ሰጠመ። አቶ ብዙአየሁ ለቅሶ ሲደርሱ ወ/ሮ ሸዋሉል ምንም አልጠየቋቸውም፤ ቀና ብለው አዩአቸው እንጂ። ኋላ ይህን ሲያነሱ «ብትጠይቀኝ እምቢ እላት ነበር» ይሉ ነበር።

ቤተ መጻሕፍት እሄዳለሁ እያሉ ምድር ቤት ይወርዱ ጀመር። ወ/ሮ ሃይማኖት ካፖርታቸው ላይ ብናኙን አገኙ። «ብዙዬ፣ እኔን ለማን ልትተወኝ ነው?» አሏቸው። ቲናም በስዊድንኛ «አባዬ፣ በቃህ» ብላ አለቀሰች። እሳቸው ግን ምድር ቤት መውረዱን አልተዉም። ሳጥኑን በአሥራ አንድ ሳምንት ጨረሱ፤ ወ/ሮ ሸዋሉልም የልጃቸውን የክርስትና ልብስ አድርገውበት ደብረ ሲና ወስደው ቀበሩት።

የአቶ ብዙአየሁ ሳንባ ከዚያ ወዲህ አላገገመም። በ2011 ዓ.ም. ሥራቸውን ለቀቁ፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ኦክስጅን መተንፈስ አልቻሉም። ወ/ሮ ሃይማኖት ሌት ተቀን አስታመዋቸዋል። ያን የመጨረሻ ሳጥን ግን ዛሬም ይቅር አላሉም፤ ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ «ጻፉት፤ ቀብሩ ላይ ውሸት አይነበብ» ብለውናል።

አቶ ብዙአየሁ ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ባለቤታቸውና ልጃቸው ባሉበት ዐረፉ። የአንዲት ልጅ አባትና የሕፃን ልደታ አያት ነበሩ፤ አሰላ የሚኖሩት እህታቸው ወ/ሮ ጽጌረዳም በሕይወት አሉ።

ከፊታችን ያለው ሳጥን ከቀብር አስፈጻሚ የመጣ ተራ ሳጥን ነው። ብዙዎች ለምን ብላችኋል። ቲና ከመሞታቸው በፊት ጠይቃቸው ነበር። «ለእኔ የተገኘው ይበቃል፤» አሏት። «እናንተ የምትቀብሩት ሰው አላችሁ።»

መቃብር ያላቸውንም የሌላቸውንም በስማቸው የሚያውቅ አምላክ የአቶ ብዙአየሁን ነፍስ ይቀበልልን፤ የደከመ ትንፋሻቸውንም ያሳርፍልን። አሜን።