ስኳሩን የጠጣሁት እኔ ነኝ

ቦሌ፣ መጋቢት 1975 ዓ.ም.

ውድ የወንድሜ ልጅ፣ አልጣሽዬ፣

«እንደምን ሰነበትሽ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ በምን አፌ? ደህና እንዳትሰነብቺ ያደረግኩሽ እኔው አዳዳሽ፣ አክስትሽ። ፊደሌ ቢንጋደድ ታገሺኝ፤ መሠረተ ትምህርት ስገባ ማታ ማታ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ያስጠናሽኝ አንቺ ነሽ። በሰው ላስጽፍ አስቤም ነበር። ግን የሰፈራችንን አፍ ታውቂው የለ፣ ደብዳቤው ገርጂን ሳያልፍ ወሬው እናንተ ጋ ለሚ ይደርሳል። አባትሽ ማንበብ ስለማይችል ይሄ ላንቺ ብቻ ነው።

ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልናገር። አባትሽ ቀጀላ ከፋሲካ በኋላ ሊድርሽ ለሽማግሌዎች እሺ ሊል መሆኑን ሰማሁ። የነገረችኝ ከእናንተ መንደር ለገበያ የምትመጣው አዝመራ ናት። ሰውየው ሚስቱ የሞተችበት፣ አንቺን የሚያካክሉ ልጆች ያሉት ነው አሉ። «ምን ላድርግ? እህቴ ራሷ ተበላሽታለች ብላ ነው የመለሰችልኝ፤ ሌላ ማን ያገባታል?» አለ አሉ ወንድሜ። አዎ፣ ያልኩት እኔ ነኝ። ምነው ያኔ ምላሴ በተቆረጠ!

እኔ ጋ ሆነሽ በምትማሪበት ጊዜ፣ ኤርፖርት ጽዳት ስሠራ ስለምውል ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ ዕቃ የምታመጪው አንቺ ነበርሽ። ሰልፉን ታውቂዋለሽ፣ ሰው ገና ሳይነጋ ድንጋይ አስቀምጦ ተራ ይይዛል። አንቺ ግን ከትምህርት ቤት መልስ ስኳርሽን ይዘሽ ከተፍ! አንዳንዴም ሳሙና ይጨመርልሻል። «የኔ ጎበዝ፣ የኔ አራዳ!» እልሽ ነበር። አንድ ቀን፣ «አዳዳ፣ ነገ አንቺ ሂጂ፤ እኔ ያንን ሱቅ ጠልቼዋለሁ» አልሽኝ። «ሰነፍ! የሰው ሽንት ቤት ስፈገፍግ ውዬ ደግሞ ልሰለፍልሽ?» ብዬ ጮኽኩብሽ። ገረመው፣ ያ ሚዛን ላይ የሚቆመው፣ የልጆች አባት የሆነ ሰው፣ ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ያለ ሰልፍ ስኳር የሚሰጠው ለምን ይመስለኝ ነበር? አልጠየቅኩማ። ሻዩ ይጣፍጣል፣ እጠጣለሁ።

ከዚያ አንዷ ከሱቁ ጓዳ እያለቀስሽ ስትወጪ አየችሽና ነገሩ ሴቶች ማኅበር ደረሰ። እሱን ማን ጠይቆት! የቀረብሽው አንቺ ነሽ። በዩኒፎርምሽ፣ በዚያ ሁሉ ሴት ፊት፣ እንደ ትልቅ ሰው ቆመሽ ግለ ሂስ አድርጊ ተባልሽ። ሊቀመንበራችን ጓድ ሃረገወይን፣ «የሰፈራችንን ስም ያጎደፍሽበትን ጥፋት ዘርዝሪ» አለችሽ። «ጥፋቴ ስኳር መቀበሌ ነው» አልሽ። አይሰማም ብለው አስደገሙሽ። ያኔ ወደ እኔ አየሽ፤ እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። መጨረሻ ላይ ሲጨበጨብ እኔም አጨበጨብኩ። በማግስቱ ልብስሽን ቋጥሬ ለአባትሽ መለስኩሽ። ይሄን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል፤ ይቃጠል።

ታዲያ አሁን ምን አነቃሽ ትይኝ ይሆናል። በራሴ ነቅቼ ቢሆንማ ደግ ነበር። ጎረቤታችን ወርቅዬ ባለፈው ሰሞን ቤቷ ጠርታኝ ሻይ ቀዳችልኝና፣ «ልጄ እኮ ጎበዝ ወጣች! ሳትሰለፍ ስኳር ታመጣልኛለች» አለችኝ እየሳቀች። እኔም ልክ እንደዚያ ነበር የምስቀው። ሲኒውን አስቀመጥኩት።

«ማነው የሚሰጣት?»

«ገረመው ነዋ! ደግ ሰው እኮ ነው።»

«ወርቅዬ፣ በሞቴ ልለምንሽ፣ ልጅሽን ከዛሬ ጀምረሽ ከዚያ ሱቅ አስቀሪያት።»

«ያንቺዋ ስለባለገች ደግሞ የኔንም ልትጨምሪያት ነው?» ብላ ብድግ አለች።

«የኔዋ አልባለገችም!» ብዬ ጮኽኩ። ይሄን ቃል ከአፌ ያወጣሁት ያን ቀን ገና መጀመሪያዬ ነው፤ መስማት የነበረብሽ አንቺ ግን አልነበርሽም።

እሁድ ስብሰባው ላይ እጄን አወጣሁና «ግለ ሂስ አለኝ» አልኩ። ሃረገወይን ደስ አላት፤ በገዛ ፈቃዷ ግለ ሂስ የምታደርግ ከየት ይገኛል! «ቀጥዪ፣ ጓድ ሸዋዬ» አለችኝ።

«ልጅ በአደራ ተቀብዬ ሳልጠብቃት ቀርቻለሁ» አልኩ። «ያን ሱቅ ጠላሁት ስትለኝ ሰድቤ ልኬያታለሁ። ስኳሩን የጠጣሁት እኔ ነኝ። የበደላት ገረመው ነው፤ ያሳፈርናት ደግሞ እኔና እዚህ ያላችሁት ነን። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም።»

«ከአጀንዳ ውጭ ነው! ተቀመጪ!»

«አልቀመጥም!» አልኩ። ጀግና ሆኜ እንዳይመስልሽ፣ የፊቴን ወንበር ጨብጬ ነው። ይሄኔ ወርቅዬ ከኋላ ተነሳች። ለካ ልጇን ጠይቃት ኖሯል። እያለቀሰች አጠገቤ መጥታ ቆመች። ስብሰባው በዚያው ተበተነ።

ገረመው ታስሯል ብዬ አልዋሽሽም። ከሱቁ አንስተውታል፣ «ጉዳዩ ይጣራል» ይላሉ። እኔና ወርቅዬ ፖሊስ ጣቢያ ሄደን ቃላችንን ሰጥተናል። ምናልባት አንቺንም ይጠይቁሽ ይሆናል። መናገር ከፈለግሽ አጠገብሽ እቀመጣለሁ፤ ካልፈለግሽም ማንም አያስገድድሽ። እንደዚያን ቀን ብቻሽን አትቆሚም፣ እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም።

ቅዳሜ ለሚ እመጣለሁ። ይቅር በይኝ ብዬ ላስጨንቅሽ አይደለም፤ ያ ባንቺ ጊዜ የሚሆን ነው፣ ባይሆንም አልፈርድብሽም። የምመጣው ለቀጀላ ነው። ሽማግሌዎቹን አስጠርቼ «ተበላሽታለች» ያልኩትን ቃል በፊታቸው መልሼ አነሳለሁ። ያጠፋሁትን ነግሬ ያን ጋብቻ እንዲተው እግሩ ላይ እወድቃለሁ። ታናሼ ቢሆንም እወድቃለሁ። ትምህርትሽን እኔ ጋ ሆነሽ ልቀጥል ካልሽ ቤቱ ቤትሽ ነው። አንቺን አላይም ካልሽኝ ደግሞ ወርቅዬ «እኔ ዘንድ ትረፍ» ብላለች። ሰልፉን እኔ እሰለፋለሁ። ስኳር ከጠፋም ሻይ እንዲሁ ይጠጣል፣ ማን ሞተ!

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ራሴን አውቀዋለሁና። ሽማግሌ ፊት ስቀርብ አፍራለሁ፣ ሳፍር ደግሞ ነገር አለሳልሳለሁ። «እኔ ምኑንም አላወቅኩም ነበር» ልል እችላለሁ። ስለዚህ ከቻልሽ እዚያው ቤት ውስጥ ሁኚ። እንደዚያ ስል ከሰማሽ ዕድሜዬን አትይ፣ ሽማግሌዎቹንም አትፍሪ። «አዳዳ፣ ነግሬሽ ነበር» በይኝ።

ያሳፈርኩሽ አዳዳሽ፣
ሸዋዬ