ድምፅ የሌለው ማሞቂያ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽስ? ትንሿስ ጥርሷ ወጣላት? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፣ አምላክ ይመስገን።

ለብርዱ ወራት ከሕፃኗ ጋር እንደምትመጪ የጻፍሽልኝን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «አባዬ፣ ያን ማሞቂያ ግን ጣለውና አዲስ ግዛ፤ እናቴን ያሳጣኝን ዕቃ ማየት አልፈልግም» ያልሽው ግን ከልቤ አልወጣ አለ። አልጣልኩትም። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

እናትሽን ያማረራት ድምፁ ነበር። ውስጡ ያለው ማብሪያና ማጥፊያ፣ ሪሌው፣ በከፈተና በዘጋ ቁጥር «ቀጭ» ይላል። «ሰውዬ፣ ሸለብ ሲያደርገኝ ጠብቆ ነው እኮ የሚጮኸው፤ ካንተ ጋር ተማክሯል እንዴ?» ትለኝ ነበር። ድምፅ የሌለው እሠራልሻለሁ አልኳት። የሰው ሬዲዮ ስጠግን፣ ዛሬ ነገ ስል ሳልሠራላት ቀረሁ።

አሁን ሠራሁት። በሪሌው ፋንታ ትራያክ አስገባሁ፤ የሚንቀሳቀስ ነገር የሌለው፣ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማይበልጥ ማብሪያና ማጥፊያ ነው። ማሞቂያው አምስት አምፔር እንኳ አይስብም፣ እኔ ግን ባለ አሥራ ስድስቱን ጠየቅሁ። ባለ ሱቋ «አባባ፣ ዳቦ ቤት ሊከፍቱ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። «የልጅ ልጄ ልትመጣ ነው» አልኳት።

ታዲያ አንድ ስሕተት ሠራሁ። ትራያኩ ስለሚግል ሙቀቱን እንዲጋራው ብዬ ከማሞቂያው የታች ቆርቆሮ ጋር በብሎን አሰርኩት። ጀርባው ራሱ ኤሌክትሪክ እንዳለበት ዘነጋሁ፤ አርባ ዓመት በዚህ ሥራ ኖሬ! ከመንካቴ በፊት ቴስተር ባስጠጋበት የቴስተሩ መብራት ቦግ አለ። ትንሿ በዳዴ መጥታ እጇን ስታሳርፍበት ታየኝ። ቁጭ አልኩ። ከዚያ ለትራያኩ የራሱን አሉሚኒየም ሰጠሁት፣ መሐላቸው ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ማይካ አስገባሁ፣ ቆርቆሮውንም ከመሬት ሽቦ ጋር አያያዝኩት።

ሦስት ቀን ሞከርኩት። ክፍሉ ይሞቃል፣ ድምፅ የለም። ድምፅ ከሌለው ደግሞ መጥፋቱ በምን ይታወቃል? ስለዚህ ማሞቂያው ካልጠፋ በቀር የማይጠፋ ቀይ መብራት ጨመርኩበት፤ ከበሩ ላይ ይታያል። አንድ ሰው ለደግ ብሎ እንኳ ቢያጠፋው፣ ሌላው ያያል።

የድሮውን ሪሌ ጠረጴዛ ላይ አውጥቼ ፈተንኩት። ሃምሳ ጊዜ ከፈተ፣ ሃምሳ ጊዜ ዘጋ። እናትሽ ያረፈችበት ዕለትም ደህና ነበር፣ ልጄ። ተበላሽቶ ነው ያልኩሽ እኔ ነኝ። ክፍሉ እንዳይቀዘቅዝባት ሐኪሙ አስጠንቅቆን ነበር። እሷ ግን «ዛሬን ብቻ አጥፋውና ልተኛ» ብላ ለመነችኝ። አጠፋሁላት። ተኛችም፤ በዚያው አልነቃችም።

በየጸሎቴ ለፈጣሪ የምነግረውን ላንቺ ለመናገር ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። አንብበሽ መምጣቱን ብትተዪው አልቀየምሽም። ከመጣሽ ግን ክፍሉ ሞቆ ይቆይሻል፣ መብራቱንም እኔ እጠብቀዋለሁ።

እናትሽን በሰላም ያሳርፍልን፤ አንቺንና ልጅሽን ከክፉ ይሰውርልኝ፤ ለእኔም ፊትሽን ለማየት ያብቃኝ።

ያንቺው አባት