ክቡርነትዎ ቆመው ያጨበጨቡላት ሴት

ለክቡር ዶክተር ሸዋንግዛው
በሮም የ“ትብብር” የኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር አዲስ ተመራጭ ፕሬዚዳንት

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለእርስዎ፣ በክርክሩ ሰሞን ያስቸግርዎ ለነበረው ወገብዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጅዎ ለሶፊያ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ያልኩት ሌላ ቃል ስላጣሁ ነው።

በሥራ ብዛት ዘንግተውኝ እንደሆነ፣ እታገኘሁ እባላለሁ። ከእርስዎ ጋር የተነጋገርነው በአብዛኛው በስልክ ነው። ሞንቴቬርዴ ውስጥ የሰማንያ ዘጠኝ ዓመት ሲኞራ እጦራለሁ፤ የምኖረውም እዚያው እሳቸው ቤት ነው። ዕረፍቴ እሑድና ሐሙስ ከሰዓት ሲሆን፣ “ሐሙስ ከሰዓት” የተባለውን ብሎጌን ለአራት ዓመት የጻፍኩት በዚያችው ግማሽ ቀን ነው። ሦስት መቶ ያህል አንባቢ አለኝ፤ አብዛኞቹ በአሠሪዎቻቸው ወጥ ቤት ቆመው ከስልካቸው የሚያነቡ ሴቶች ናቸው። ስለ ዓመት ፈቃድ ጽፌላቸዋለሁ፤ ኮንትራቶ ፈርሙልኝ ሲባሉ ጆሯቸው ስለማይሰማ አሠሪዎችም ጽፌላቸዋለሁ። ከሁሉ አብልጬ የጻፍኩት ግን ፔርሜሶው፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ያለፈበት አባል በማኅበራችን ድምፅ እንዳይሰጥ ስለሚከለክለው የመተዳደሪያ ደንባችን አንቀጽ ነው።

በዚህ የፕሬዚዳንት ምርጫ ሰሞን እርስዎ “ተራማጅ” የተባለውን ወገን ይዘው ሲነሡ፣ ማኅበሩን አሥራ ሁለት ዓመት የመሩት አቶ ተክለጻድቅ ደግሞ በነባሩ ወገን ቆሙ። እኔ ያንን አንቀጽ እሰርዛለሁ ያለውን ሰው መረጥኩና በሁለት ወር ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ጽሑፍ ጻፍኩልዎ። በአንዱ ላይ አቶ ተክለጻድቅን “ወንበሩ ላይ የበቀሉ ሰው” ብያቸዋለሁ። እርስዎ ደውለው ከልብዎ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

እንግዲህ ከዚህ በታች የምዘረዝረው ምስጋና ነው። በቁጥር የማስቀምጠው ለጽሕፈት ቤትዎ መዝገብ እንዲመች ብዬ ነው።

፩ኛ) ሦስተኛውን ክርክር ወደ ሐሙስ ከሰዓት ስላዛወሩልን አመሰግናለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክርክሮች የተደረጉት ረቡዕ ጠዋት፣ እኛ የሰው አዛውንት በምናጥብበት ሰዓት ነበር። በቪዲዮ እንዳየሁት፣ የመጀመሪያው ክርክር “ዶክተር መባል የሚገባው ማን ነው?” በሚለው አለቀ፤ ሁለተኛው ደግሞ የማኅበሩ ዓርማ ከመድረኩ በየትኛው በኩል ይሰቀል በሚለው። ለሦስተኛው ግን ቪያ ቮልቱርኖ አጠገብ ባለው አዳራሽ ስልሳ ያህል ሴቶች መጡ። አንዳንዶቹ የሥራ ሽርጣቸውን በቦርሳቸው እንደያዙ ነበር። ያን ቀን እውነት ደስ ብሎኝ ነበር፤ መዝገቡ ይህንንም ይያዝልኝ።

፪ኛ) ከክርክሩ ሦስት ቀን አስቀድመው ደውለው ስለሰጡኝ ምክር አመሰግናለሁ። “እታገኘሁ፣ ጽሑፍሽ ግሩም ነው፤ ሰው ግን በጽሑፍ አይነቃነቅም። አንዲት እህት ራሷ ተነሥታ ብትናገር ክርክሩን ጨረስነው ማለት ነው” አሉኝ። እኔም ሰብለወንጌልን አሰብኩ።

ሰብለወንጌል የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ናት፤ የኮልፌ ልጅ። ፓሪዮሊ ውስጥ ከአልጋ የማይነሡ ጡረተኛ መሐንዲስ ስትጦር ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር። የመሐንዲሱ ሴት ልጅ ኮንትራቶ ስላልፈረመችላት ፔርሜሶዋን ማሳደስ አልቻለችም። ሐሙስ ሐሙስ ከእኔ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ብርቱካን እንልጣለን፤ ጽሑፎቼንም ከማውጣቴ በፊት የምታነብልኝ እሷ ናት። ስለ ክርክሩ ስነግራት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ “ይቀረጻል እንዴ?”

እኔም እርስዎን ጠየቅሁ። “የሚያየው የማኅበሩ ሰው ብቻ ነው፤ አታስቢ” አሉኝ። እኔም ሄጄ “የሚያየው የማኅበሩ ሰው ብቻ ነው፤ አታስቢ” አልኳት። አንዲትም ቃል አልጨመርኩም፤ አንዲትም አልቀነስኩም።

ከዚያ የሆነውን ክቡርነትዎ ከመድረኩ ላይ ሆነው ስላዩት ባላደክምዎ በወደድኩ፤ ነገር ግን ያላዩት ሰዎች ይህን በብሎጌ ላይ ስለሚያነቡ ልንገራቸው። ሰብለወንጌል ማይኩን በሁለት እጇ ይዛ ተነሣች። “ፔርሜሶዬ ካለፈ ሁለት ዓመቱ ነው። አሠሪዎቼ አይፈርሙልኝም። ብሞት ይህ ማኅበር ሬሳዬን አገሬ ይልክልኛል፤ ስለዚህ አመሰግናለሁ። በሕይወት እያለሁ ግን ድምፅሽን ስጪ አይለኝም። ከእናንተ ለመቆጠር የግድ መሞት አለብኝ?” አለች።

አቶ ተክለጻድቅ “ልጄ፣ ደንብ ደንብ ነው፤ ነገ ፖሊስ መጥቶ መዝገቡን አምጡ ቢለን የምትጎጂው አንቺ ነሽ” ሲሉ ሴቶቹ ጮኹባቸው። እኔም ጮኽኩ። እርስዎ ደግሞ ከመቀመጫዎ ተነሥተው፣ ፊትዎን ወደ ሰብለወንጌል ሳይሆን ወደ ካሜራው አዙረው አጨበጨቡ። ይህን ያስተዋልኩት ያን ዕለት ሳይሆን ቪዲዮውን ደግሜ ሳይ ነው።

፫ኛ) ስለ ቪዲዮው አመሰግናለሁ። በማግሥቱ፣ ዓርብ ጠዋት፣ የምርጫ ቡድንዎ የሰብለወንጌልን ንግግር ቆርጦ፣ ሙዚቃ አስገብቶበት፣ ስሟን ከሥር ጽፎ አወጣው። አማርኛ የማያውቁ ተራማጅ ጣሊያኖችም እንዲረዱት ታስቦ ሶፊያ በጣሊያንኛ ተርጉማዋለች። ልጅቷ ጥሩ አድርጋ ነው የተረጎመችው፤ አንድ ስህተት አላገኘሁበትም። “አሠሪዎቼ አይፈርሙልኝም” የሚለውን በተለይ እንዲህ ባለ ግልጽ ጣሊያንኛ እኔ ልጽፈው አልችልም ነበር።

የመሐንዲሱ ልጅም በሚገባ ተረድታዋለች። ቅዳሜ ጠዋት ከሕንፃው ነዋሪዎች አንዱ ስልኩን ዘርግቶ አሳያት። ሰብለወንጌልን ጠርታ፣ “በአንቺ ላይ ቂም የለኝም፤ ግን ጠበቃችን ዛሬውኑ ትውጣ ብሎናል” አለቻት። ሻንጣዋን የምታዘጋጅበት ሁለት ሰዓት ተሰጣት። ሽማግሌው ከመኝታ ክፍል ስሟን እየጠሩ ውኃ ሲለምኑ ነበር፤ ልስጣቸው ብላ ስትነሣ ልጅየዋ በሩን ዘጋችው።

ሰብለወንጌል ከእግረኛ መንገዱ ላይ ሆና ስትደውልልኝ የሲኞራን ሾርባ እየፈጨሁ ነበር። “ወጣሁ” አለችኝ። ቅዳሜ ስለሆነ ሲኞራን ጥዬ መውጣት አልችልም ነበር። ስልኩን ዘግቼ ሾርባውን አበረድኩ፤ በማንኪያ አበላኋቸው፤ አፋቸውን ጠረግሁ። አላለቀስኩም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደዚያው ነኝ። ሰው ሲያዝንልኝ ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስለኛል።

፬ኛ) ያን ቀን ሦስት ጊዜ ደውዬልዎ በመጨረሻ ስለላኩልኝ መልእክት አመሰግናለሁ። “ስብሰባ ላይ ነኝ። እህታችንን በርቺ በይልኝ። ትግሉ ይቀጥላል” ይላል፤ ከሥሩም የተጨበጠ እጅ ምስል አለበት። መልእክቱን ለሰብለወንጌል አነበብኩላት። የእጁን ምስል ግን አልነገርኳትም።

ክቡርነትዎ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ ማኅበሩ ለችግር ጊዜ ብሎ ባወጣው የድሮ ስልክ ቁጥር ደወልኩ። ያነሡት አቶ ተክለጻድቅ ናቸው። ስሜንና የሆነውን ነገርኳቸው። ከዚያ “የትኛው መንገድ ነው? የቤቱን ቁጥር ንገሪኝ” አሉኝ። ነገርኳቸው። “አሎራ፣ በቃ፣ እዚያው ትቁም፤ ፓሪዮሊ መኪና ማቆሚያ የለምና ተዘጋጅታ ትጠብቀኝ” ብለው ዘጉት። ስለጻፍኩባቸው ነገር ያን ቀንም ከዚያ ወዲህም ያነሡብኝ የለም። በሰባ አንድ ዓመታቸው ሁለት ሻንጣ ተሸክመው በአሮጌ ፓንዳ መኪናቸው ጫኗት። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘርፈሽዋል የሳሎኑን ሶፋ አነጠፉላት፤ ዘጠኝ ቀን እነሱ ዘንድ ሰነበተች። ያንን አንቀጽ በተመለከተ አቶ ተክለጻድቅ አሁንም ተሳስተዋል ብዬ አምናለሁ። እሳቸውም የተሳሳትኩት እኔ እንደሆንኩ እንደሚያምኑ አልጠራጠርም።

በሳምንቱ ምርጫው ተደረገ። እርስዎ በሃያ ሦስት ድምፅ አሸነፉ። ሰብለወንጌል ድምፅ መስጠት አትችልምና አልመጣችም። እኔ ፔርሜሶዬ ያላለፈበት ስለሆነ መረጥኩ። ማንን እንደመረጥኩ ቢጠይቁኝ፣ አሥራ ዘጠኝ ጽሑፍ የጻፈ እጅ ልማዱን አይተውምና እርስዎን ነው የመረጥኩት።

፭ኛ) ያንን አንቀጽ ለሚያጠናው ኮሚቴ አመሰግናለሁ። “በመጀመሪያው ሳምንት እሰርዘዋለሁ” ያሉት እነሆ ሦስተኛ ወሩን ይዟል፤ ነገር ግን ጥናት ከጥድፊያ ይሻላል። አምስቱም የኮሚቴው አባላት የታደሰ ፔርሜሶ ያላቸው የተከበሩ ሰዎች መሆናቸውን፣ ከመካከላቸውም በሰው ቤት ሠርቶ የሚያውቅ አንድም እንደሌለ ስሰማ፣ ጉዳዩን ከስሜት ነጻ ሆነው እንደሚያዩት ተረድቻለሁ።

ይህን ሁሉ ለእርስዎ ስጽፍ የራሴን እጅ የሸሸግሁ እንዳይመስልዎ። ሰብለወንጌልን ያሳመንኳት እኔ ነኝ። እርስዎ ፊት ፈልገው ነበር፤ ፊቱን ከወዳጆቼ መካከል መርጬ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ባለፈው ሐሙስ ላያት ኦስቲያ ሄጄ ነበር፤ ባሕሩ ዳር ባለ ምግብ ቤት ለክረምቱ ሳህን ታጥባለች፤ ከሦስት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ትኖራለች። በባቡር ስትመጣ አንድ የአገራችን ሰው “የቪዲዮዋ ልጅ አንቺ አይደለሽም?” ብሎ ስለጠየቃት፣ አሁን ሻሿን ወደ ግንባሯ አውርዳ ነው የምትሄደው። “ቂም ይዘሽብኛል?” አልኳት። “አንቺም የተነገረሽን ነው የነገርሽኝ” አለችኝ፤ ከዚያ የዕረፍት ሰዓቷ አለቀና ገባች።

ስሟን እዚህ የጻፍኩት አስፈቅጄ ነው። ደብዳቤውን አንብባ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሰረዘችና፣ “ስሜን እንዳለ ተይው፤ እናንተ አንዴ አውጥታችሁታል” አለችኝ።

እንግዲህ ልመናዬ አንድ ነው። ቪዲዮው እስከ ዛሬ በማኅበሩ ገጽ አናት ላይ ተሰክቶ አለ። ሰብለወንጌል ይውረድልኝ ብላ አራት ጊዜ ጽፋለች። ጸሐፊዎ “ታሪካዊ ሰነድ ስለሆነ ከኮሚቴው ጋር መነጋገር ያስፈልጋል” የሚል መልስ ሰጥተዋታል። ክቡርነትዎ፣ ስልክዎን አንሥተው በአውራ ጣትዎ ሁለት ጊዜ ቢነኩት ይወርዳል። ባለፈው ሳምንት የሲኞራ የልጅ ልጅ አሳይቶኛል፤ ለጭብጨባው ከፈጀብዎ ጊዜ ያነሰ ነው።

ለከፈሉልን መሥዋዕትነት ሁሉ፣ በተለይም ሌላ ሰው ለከፈለልዎ፣ ጥልቅ ምስጋናዬን ደግሜ እያቀረብኩ፣ የሥልጣን ዘመንዎ የሰመረ፣ ስብሰባዎ የበዛ፣ ወንበርዎም ለወገብዎ የሚመች እንዲሆን በታላቅ አክብሮት የምመኝ፣

ትሑት አባልዎና የቀድሞ ደጋፊዎ
እታገኘሁ
ሮም፣ ሞንቴቬርዴ

ማስታወሻ፦ ባለፈው እሑድ በአንድ ክርስትና ላይ በአካል ተገናኝተን ነበር። ከሰው መሐል መጥተው እጄን በሁለት እጅዎ ያዙና፣ “እህቴ ሰብለወንጌል፣ ያ ጥያቄሽ ነው ያሸነፈልን፤ መቼም አልረሳሽም” አሉኝ። ላርምዎ አፌን ከፍቼ ነበር። ነገር ግን ከኋላዬ ሌሎች ሰላምታ ጠባቂዎች ተሰልፈው ስለነበር፣ በሁለታችንም ስም “እግዚአብሔር ይስጥልን” ብዬ ቦታውን ለቀቅሁላቸው።