ሚኒባሷን እንዳትሸጣት

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ወገብህ እንዴት አደረገህ? የእማማስ ጉልበት? እትዬስ ከዚያ ጉንፋኗ ተላቀቀች ወይ? ልጆቹስ? ሚኒባሷስ ብትሆን፣ ድሮ እኔ ስነዳት ታስነጥስ ነበር፤ ባንተ እጅ ተሻላት? እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ። ከጤናዬ በቀር ግን ደህና የሆነ ነገር የለኝም፤ በስልክ መዋሸቱ ሰልችቶኝ ነው የምጽፍልህ።

ዜግነት አገኘሁ ስላችሁ እማማ እልል ያለችው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። እዚህ የከተማውን አውቶቡስ የሚነዳው ዜጋ ብቻ ነው። እኔም ይህን ሁሉ ዓመት ጋራዡ ውስጥ አውቶቡስ ሳጥብ የኖርኩት ያቺን ቀን እየጠበቅሁ ነው። መሪውን ስወለውል ወንበሩ ላይ ቁጭ እልና መስታወቱን በቁመቴ ልክ አስተካክል ነበር። ሾፌሮቹ ጠዋት ሲመጡ፣ ፍሬን ደግሞ መስታወቴን ነካክቶታል እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ፍሬን ብለህ ያወጣህልኝ ቅጽል ስም ባሕር ተሻግሮ ተከትሎኛል።

ቃለ መሐላ በፈጸምኩ ማግስት የሠራሁትን ጉድ ስማ። እጥበቱን ለቀቅሁ። ዜጋ ሆኖ ቱቦ መጎተት ምን የሚሉት ነው ብዬ! ለሠራተኛው ሁሉ ከረሜላ አዞርኩ፤ የጎማ ቦቴን ገና ወረቀት ላላገኘ ላንድ ያገራችን ልጅ መርቄ ሰጠሁት።

ከዚያ ለባብሼ ሾፌር ቀጣሪዋ ዘንድ ሄድኩ። እንኳን ደስ ያለህ አለችኝ። ቀጥላ፣ እዚህ አገር የነዳህበት ልምድ የታለ አለችኝ። ያገር ቤቱን ስነግራት እሱ አይቆጠርም አለች። እንዳልነዳ የከለከሉኝ እነሱ፣ ለምን አልነዳህም የሚሉኝም እነሱ! ሌላም ቦታ ሞከርኩ፤ ስሜን ሲያነቡ ፊታቸው ይለወጣል። ዜግነቱ የአህያ ባል ሆነብኝ፣ ከጅብ አያስጥልም።

አንገቴን ደፍቼ ወደ እጥበቱ ተመለስኩ። አለቃው፣ አንተ አሁን የአገሩ ሰው ነህ፣ መብቴ ትለኛለህ፣ እኔ የምፈልገው ዝም ብሎ የሚያጥብ ነው አለኝ። ያ ልጅ ቦቴን ተጫምቶ ቱቦውን ይጎትታል። ሲያየኝ አቀረቀረ። ከሁለት ያጣ ሆንኩ። ቤቴ ገብቼ አልጋዬ ጫፍ ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ተስፋዬ ተሟጧል፣ ወንድም ጋሼ።

አሁን ደግሞ፣ ወንድሜ ዜጋ ሆኗል፣ ይወስደኛል ብለህ ሚኒባሷን ለደላላ አሳየሃት ሲሉ ሰማሁ። በእማማ ይዤሃለሁ፣ እንዳትሸጣት! እዚህ መሪ የሚያስይዝህ የለም።

የእማማን ጉልበት ሳምልኝ፤ ይህን ግን እንዳታነብላት፣ አውቶቡስ ይነዳል በላት። እትዬን እንደምን ነሽ በልልኝ። ልጆቹን ጉንጭ ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ለረዳትህም ሰላምታዬን ንገረው። ምናልባት ሥራውን የለቀቀ እንደሆነ፣ ቦታውን ለሌላ ሰው ቃል እንዳትገባ።

ታናሽ ወንድምህ ፍሬን
ከሰው አገር፣ ኅዳር ፲፪ ቀን