የማይጎድል ዘይት

ቅዳሜ፣ ማርች 1

ዛሬ የመኪና ኮፈን ከፈትኩ። እኔ! በሃምሳ ሁለት ዓመቴ። ባሌ ዘገዬ መስኮቱ ጋ ወንበሩን አስጠግቶ በስልክ ያዝዘኛል። ሆስፒታል ተኝቶ ከወጣ ወዲህ ልቡ ስለደከመ ሦስት ደረጃ ወርዶ ግቢ መቆም እንኳ አልቻለም። እሱ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ የዚህችን የናፍጣ መኪናውን ዘይት ሳያይ አይውልም። እንግዲህ በኔ እጅ ሆነ።

«መለኪያዋን ሳቢ። ጥረጊያት። መልሰሽ ክተቺያት። እንደገና ሳቢ።»

«አንዴ ባያት ምናለበት?»

«አስኩ፣ ሳትጠርጊ ያየሽው ውሸት ነው።»

ታችና ላይ ሁለት ምልክት አላት። ዘይቱ መሃል ላይ ነው። ጥቁር... የናፍጣ መኪና ዘይት ሁሌም ጥቁር ነው አለኝ።

እሱንም ሚዛን ላይ አቆምኩት። የሆስፒታሉ ነርስ በየጠዋቱ መዝኑት ብላለች። ከስቶብኛል። ሱሪው በቀበቶ ነው የቆመው።

ረቡዕ፣ ማርች 5

ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት መጣች። ለዘገዬ ነገርኩት።

«ፊልትሮው ነው። የጭሱን ጥቀርሻ የሚይዘው። ፍሪዌይ ላይ አውጥተሽ ግማሽ ሰዓት አስሩጪያት፣ ራሷ ታቃጥለዋለች።»

እሺ አልኩ። አልሄድኩም። እነዚያ ትላልቅ ትራኮች አጠገቤ ሲያልፉ ዓይኔን ነው የምጨፍነው። ደግሞስ እሱን ብቻውን ጥዬ የት ልሩጥ? ሩቅ ካለው የስትሪፕ ካዚኖ ወደዚሁ ሰፈራችን አሊያንቴ ካዚኖ ልብስ ማጠቢያ የተዛወርኩት ከአጠገቡ እንዳልርቅ ብዬ አይደል? ሥራዬ አምስት ደቂቃ፣ ሱቁ እዚያው፣ ቸርቹ እዚያው።

መብራቷ ራሷ ትጠፋለች።

ቅዳሜ፣ ማርች 8

ዘይቱ ጨምሯል!

ጠረግኩ። ከተትኩ። ሳብኩ። ጨምሯል። ማን ጨመረው? ከኔ በቀር ኮፈኑን የነካ የለም።

«ሳትጠርጊው ነው» አለኝ ዘገዬ።

«ጠርጌዋለሁ አልኩህ!»

«ዘይት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። መነጽርሽን አድርጊ፣ የኔ መካኒክ።» ሳቀ። ሳቁ ሳል አመጣበት፣ ከዚያ እንቅልፍ ወሰደው። ቀን ቀን መተኛት አብዝቷል።

አንድ ነገር ግን... እሱም ጨምሯል! ሚዛኑ ላይ አየሁት። ምግብ ሲቀርብለት ፊቱን ያዞራል፣ ክብደቱ ግን ይጨምራል። ከየት መጣ? እኔ ከማን እንደመጣ አውቃለሁ።

ቅዳሜ፣ ማርች 15

ዘይቱ ላይኛው ምልክት ጋ ደርሷል።

የቸርች ጓደኛዬ ውባንቺ ልትጠይቀው መጣች። ገና በር ላይ፣ «እሰይ! ጋሽ ዘገዬ፣ ወፈሩ እኮ! ጉንጭ አወጡ!» እሱ ፈገግ አለ። ቀና ብሎ ያየው ግን እኔን ነው።

ስሸኛት የዘይቱን ነገር ሹክ አልኳት። ፓርኪንጉ መሃል ቆማ እልልታዋን አቀለጠችው። «አስካልዬ፣ ይሄማ ምስክርነት ነው! ነገ ካልተናገርሽ አልለቅሽም!»

ካልሲው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጠልቆ ቀለበት ሠርቶበታል። ተለቅ ያለ ካልሲ መግዛት አለብኝ።

እሁድ፣ ማርች 16

መሰከርኩ። ቸርች መድረክ ላይ ወጥቼ። «ማንም ሳይጨምርበት የመኪናዬ ዘይት ጨመረ፣ ማንም ሳያበላው ባሌ ወፈረ» አልኩ። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። የውባንቺ ልጅ በስልኳ ስትቀርጸኝ ነበር።

ፓስተሩ ማይኩን ተቀብሎ ስለ መጽሐፍ ቅዱሷ መበለት ማሰሮ ተናገረ... ዘይቱ አላልቅ ስላላት። መበለት ሲል የጋብቻ ቀለበቴን ያዝኩ። ሌላ ቃል አልነበረውም?

ማክሰኞ፣ ማርች 18

ዘገዬ ወንበር ላይ ተቀምጦ አደረ። ስተኛ ያፍነኛል አለ።

ረቡዕ፣ ማርች 19

እንደሆነው ልጻፈው።

ጠዋት መኪናዋ አቅም አጣች። ብረግጣት አትሄድም። ቀይ መብራት በራ። ሎን ማውንቴን መንገድ በኩል ጋራዥ ያለው አድናን ጋ እያዘገምኩ ወሰድኳት። የሐረር ልጅ ነው፣ የዘገዬ ወዳጅ። ባዶ እጄን አልሄድም ብዬ ሳምቡሳ ይዤለታለሁ።

«እትዬ አስካል፣ ረመዳን ነው እኮ! ጾሜን ሊያስገድፉኝ ነው?»

«ውይ በሞትኩት! ለማታ ይሁንህ።»

መለኪያዋን ሳበ። ሳቁ ጠፋ። አፍንጫዬ ስር አመጣልኝ። «ያሽትቱት እስኪ።»

ናፍጣ። ናፍጣ ናፍጣ ይላል።

«ፊልትሮው በጥቀርሻ ተደፍኗል። መኪናዋ ላቃጥለው ብላ ትርፍ ናፍጣ ትረጫለች። ግን ሳትግል ያጠፏታል። ቅርብ ቅርብ ነው አይደል የሚነዷት?»

«ቅርብ ቅርብ ነው።»

«በቃ። ያልነደደው ናፍጣ መሄጃ ሲያጣ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ይሄ ዘይት አልጨመረም፣ ተበክሏል። ሞተሩን እየበላው ነው።»

«መጨመሩ... ጥሩ አይደለም?»

«ከመጉደሉ ይብሳል። ሲጎድል ሰው ይደነግጣል። ሲጨምር ደስ ብሎት ይነዳል።»

መሄጃ ሲያጣ። ቆምኩ። ምግብ ሳይበላ... ካልሲው... ወንበር ላይ ተቀምጦ ማደሩ...

«አድናን፣ ቤት አድርሰኝ። አሁኑኑ!»

ዘገዬ ወንበሩ ላይ ነው። ከንፈሩ ጠቁሯል። ካልሲውን አወለቅኩና የቅልጥሙ አጥንት ላይ በአውራ ጣቴ ተጫንኩ። ጣቴን ሳነሳ ጉድጓዱ ቀረ። ሊጥ ላይ የተጫነ ጣት። ጠበቅኩት፣ አልሞላም።

911 ደወልኩ። ቀጥዬ ሬኖ ከተማ ለምትማረው ልጃችን ለፊያሜታ።

«ማሚ፣ ክብደቱ ጨመረ? ስንት ቀን? ነርሷ እኮ ከጨመረ ቶሎ ደውሉ ብላለች! ዋይ ዲድንት ዩ ኮል? ለምን አልደወልሽም?»

«ጥሩ መስሎኝ!» ብዬ ጮህኩባት። በልጄ ላይ ጮህኩ። ነርሷ ያንን ብላ ይሆናል። እኔ የሰማሁት መዝኑ ማለቷን ነው። እንዳይከሳ መስሎኝ ነበር። ሰው ሲወፍር ደውሎ አቤት የሚል አለ?

አርብ፣ ማርች 21

ሳንባው ድረስ ውሃ ሞልቶት ነበር። በመድኃኒት እያስሸኑ ያወጡለታል። ዶክተሩ ብዙ ተናገረ። ከሬኖ የደረሰችው ፊያሜታ ትንሽ ብቻ ተረጎመችልኝ፣ ቀሪውን ዋጠችው። ልቡ አይታደስም። ዓመት አትቁጠሩ ነው ያለው።

እሷ ለስልክ ስትወጣ ዘገዬ የኦክስጅኑን ጭንብል ገለጥ አደረገ።

«መኪናዋስ?»

ነገርኩት። ናፍጣው፣ ዘይቱ፣ ሁሉንም።

«ፍሪዌይ አልወሰድሻትም።»

«አልወሰድኳትም።»

ጭንብሉን መልሶ ሁለቴ ተነፈሰበት። ከዚያ፣ «እግሬ ሲያብጥ አይቼዋለሁ፣ አስኩ።»

«አይተህ?!»

«ወፈርክ ሲሉኝ ፊትሽ በራ። ከታመምኩ ወዲህ እንደዚያ ሆነሽ አላየሁሽም... ትንሽ ይቆይላት አልኩ።»

ልመታው ነበር። እጁን ይዤ ቁጭ አልኩ።

እሁድ፣ ማርች 30

ምስክርነቴን በአደባባይ አርማለሁ ስለው ፓስተሩ «ባታርሚውስ? ሕዝቡ ተጽናንቶበታል» አለኝ። እሺ ልል ነበር። ማይኩ ጋ ስደርስ ግን አልሆነልኝም። «ዘይቱ ናፍጣ ነበር፣ ውፍረቱም ውሃ ነበር፣ ስለ ባሌ ጸልዩልኝ» ብዬ ወረድኩ። እልልታ የለም። አሜን የለም። አንድ ሕፃን ብቻ ያለቅሳል።

ውባንቺ ደጅ ጠበቀችኝ። የተቆጣች መስሎኝ ነበር።

«ቪዲዮሽን ለእህቴ ልኬላት ነበር። ለታመመችው። በየማታው እሱን እያየች ነው የምትተኛው... አሁን ምን ልበላት?»

ተቃቅፈን አለቀስን፣ መልስ ግን አይደለም።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 12

ዘገዬ ቤት ከገባ ሳምንቱ። አድናን ፊልትሮውን አጽድቶ ዘይቱን ለውጦልኛል። ሞተሩ ግን ድምፁ እንደ በፊቱ አይደለም፣ ከሷ ብዙ አይጠብቁ ብሎኛል።

ትናንት ከጎኔ አስቀምጬው ፍሪዌይ ወጣሁ። ቀኝ ጠርዙን ይዤ። አንዱ ትራክ ጥሩምባውን ሲነፋብኝ ጮህኩ።

«ተዪው ይጩህ። አስሩጪያት።»

አስሮጥኳት። ከተማው አልቆ ደረቁ ሜዳ መጣ። እሱ አፉን ከፍቶ ተኛ። አንድ ዓይኔን መንገዱ ላይ፣ አንድ ዓይኔን ደረቱ ላይ አድርጌ ነዳሁ። ይነሳል፣ ይወርዳል። ይነሳል... ስንመለስ «እንዳታጠፊያት፣ ትንሽ ትቆይ» አለኝ። የተኛ መስሎኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ውባንቺ መጥታ ስታየው ደነገጠች። ኩሽና ተከትላኝ ገባችና፣ «ምነው እንዲህ ከሳብሽ? አጥንቱ ቀረ እኮ!»

«እሰይ በይ» አልኳት። ያበድኩ መሰላት። ሚዛኑ ከትናንቱ ንቅንቅ አላለም።

ስትሄድ ግቢ ወርጄ መለኪያዋን ሳብኩ። ጠረግኩ። መልሼ ከተትኩ። ሳብኩ። መሃል ላይ።

ገብቼ የዘገዬን ካልሲ ዝቅ አደረግኩና የቅልጥሙ አጥንት ላይ ተጫንኩ።

«እህ፣ እኔስ ስንት ላይ ነኝ?» አለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ጣቴን አነሳሁ። ጉድጓድ የለም።

አልጨመረም። ተመስገን... ዛሬም አልጨመረም።