ጉንዳን ያበላናት እንግዳ

ለምወድሽ እህቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንዴት ከርመሻል? በቬትናም ዝናብ ደረትሽን አላመመሽም? ጫካ ስታድሪ ወፍራም ልብስ አትርሺ፤ ታላቅሽ ነኝና አዝሻለሁ። እኔ በአካል ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። እማ ስትደውል ባለቤቴ ጁነይድ ለንግድ ኬፕታውን ሄዷል እያልኳት ነው፤ አንቺም እንደዛው በያት።

መልእክትሽን አነበብኩ። አንዲት ጉንዳን በል ፓንጎሊን እኛ ጆሃንስበርግ ከሻጮች እጅ መትረፏን፣ ወሬው እናንተ ዘንድ ቬትናም ደርሶ የሥራ ጓደኞችሽ ማጨብጨባቸውን ጽፈሽልኛል፤ ስልክ የደወለውን ሰው አላህ ጀነትን ይወፍቀው ብለሻል። ማን እንደሆነም ጠይቀሽኛል። እህቴ፣ የተያዘችው እኛ ቤት ነው። ያን ሰሞን ምን እንደምትበላ ስጠይቅሽ ለወሬ አልነበረም።

የቴምቢሳው ሱቃችን ተዘርፎ ከተቃጠለ ወዲህ ጁነይድን ብታዪው አታውቂውም። ደንበኛው ሁሉ ማይ ፍሬንድ እያለ የሚጠራው ሰው፣ ሜይፌር ሰፈር ባለው ቤታችን ውስጥ ግድግዳ ሲያይ ይውል ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ማዳበሪያ ተሸክሞ ገባ። የድሮ ደንበኛው ነው ያመጣለት። ስንፈታው ቅርፊት የለበሰች፣ ጥቅልል ያለች ፍጥረት! ወደ እስያ የሚያሻግር ገዢ አለ፣ በሕይወት ካለች ነው የሚወስዳት አለኝ። እህቴ እኮ ለእነዚህ ብላ ነው ጫካ የምታድረው አልኩት። የእሷዎቹ የእስያ ናቸው፣ ይቺ የእዚህ ናት አለኝ። የእስያዎቹ እያለቁ ስለሆነ ነው ወደ እኛ የዞሩት ብዬ አንቺ ያልሽኝን ብነግረው፣ መች ሰማኝ!

ወተት ብሰጣት እምቢ፣ ሥጋ ብሰጣት እምቢ። ራሷ ፈልጋ ያገኘችውን ጉንዳን ካልሆነ አትበላም ያልሽኝን ስነግረው፣ አመሻሽ ላይ ራሱ በመኪና ከሰፈራችን ወዲያ ካለው የድሮ ማዕድን አፈር ክምር ጀርባ ወሰደን። ወላሂ፣ በሁለት እግሯ ቆማ፣ እጆቿን ደረቷ ላይ ሰብስባ፣ ለቅሶ ቤት እንደምትገባ ሴት ቀስ እያለች ሄደች። ጉንዳኑን አግኝታ ያን ረጅም ምላሷን ስትዘረጋ ጁነይድ ሳቀ። ሱቁ ከተቃጠለ ወዲህ ሳቁን አልሰማሁም ነበር፤ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። በቃ እንተዋት፣ እዚሁ ትሂድ አልኩት። አንስቶ ማዳበሪያው ውስጥ መለሳት። ይቺን ልሽጥና ሱቅ ልክፈት፣ ከዚያ አላህን ምሕረት ጠይቄ ተውበት አደርጋለሁ አለኝ። ገዢው በነጋታው ነበር የሚመጣው።

ገዢው ሳይመጣ ፖሊስ መጣ። ድንገት ካየሽ ደውዪላቸው ብለሽ የሰጠሽኝ፣ የእነዚያ እንስሳት የሚታደጉ ሰዎች ስልክ ቁጥር፣ ማቀዝቀዣችን ላይ ተለጥፎ ነበር። ፖሊሶቹ ከመድረሳቸው በፊት አንስቼ ቀደድኩት።

ማክሰኞ እስር ቤት ሄጄ አየሁት። ጠበቃው ዓመታት ነው የሚፈረድበት ይላል፤ ከዚያ በኋላ የመኖሪያ ፔፐሩንም ይቀሙታል፣ ወደ አገሩ ይመልሱታል አሉ። እኔስ ያለ እሱ ምን እሆናለሁ? ከመስታወቱ ወዲያ ሳየው ከስቷል። መጀመሪያ የጠየቀኝ፣ ለመሆኑ ትበላለች ወይ ብሎ ነው። ትበላለች፣ እህቴ ሰምታለች አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ፣ የጠቆመብኝን ሰው አላህ ቤቱን ያፍርስበት አለ። እስክመልስለት ያየኝ ነበር። አሚን አልኩ።

አላህ ጤናሽን ይጠብቅልሽ፣ የምትደክሚላቸውንም ያብዛልሽ። ጓደኞችሽን፣ የደወለው ሰው አልታወቀም በያቸው። ለዚያ ሰው የጀመርሽውን ዱዓ ግን አደራሽን አታቋርጪው።

እህትሽ